ሰውን በአቋሙ መሣል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በሥዕል ክበብ ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)

ወደ አዳራሹ ስትገቡ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሥዕሎች አይታችኋል። አብዛኞቹ የሰው ሥዕሎች ናቸው፤ ተራራና ፏፏቴ ብዙ አይታይባቸውም። ስለዚህም ከእናንተ መካከል አንዳንዶች፥ «የስሜንን ያኽል ውብ አገር ይዛችሁ፥ ዋልያውንና ገደሉን ትታችሁ፥ ስለ ምን ዱላ የተደገፈ ሽማግሌ ትሥላላችሁ?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዛሬው ንግግራችንም ለዚሁ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ነው።

መልሱን አስቀድመን ባጭሩ እንናገር። ሰው የኖረበትን አገር በአካሉ ተሸክሞት ይዞራል። ዳገቱ በጉልበቱ፥ ብርዱ በትከሻው፥ ሥራው በእጁ ላይ ይጻፋል። አገሩን ለቆ ቢሄድ እንኳ አቋሙ ቶሎ አይለቀውም። እንግዲህ አንድን ሰው በእውነተኛ አቋሙ የሣለ ተማሪ የሰውዬውን አገር አብሮ ሣለ ማለት ነው። እኛም የሰውን ሥዕል የምንሠራው በዚህ አሳብ ተመርተን ነው።

ይህን አሳብ ከመጽሐፍ አላገኘነውም። ያገኘነው ከጊች ሰዎች ነው።

ጊች የምትባለውን መንደር ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፥ ከባሕር ወለል ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ቦታ የነበረች የገብስ አራሾችና የበግ አርቢዎች መንደር ናት። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዋልያው እያነሰ፥ እርሻውና ግጦሹም ወደ ዱሩ እየገፋ በመሄዱ እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ። በመጨረሻም በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ የሚሆኑ የጊች አባወራዎች መንደራቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በሚከተለው ዓመት በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ይህ መነሣት ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ መፍረድ የዚህ ንግግር ሥራ አይደለም። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በቀር ሌላ አገር የለውም። ጓሳውም አንድ ጊዜ ከጠፋ እንደ ገና እስኪበቅል ብዙ ዘመን ይፈልጋል። በሌላ በኩል ደግሞ ሰው የአባቱን መቃብርና የዘራውን ማሳ ትቶ ሲወርድ የሚጎድልበት ነገር አለ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ከክበባችን አባላት መካከል በጊች ተወልደው በ8 ዓመት ዕድሜያቸው ከአባትና ከእናታቸው ጋራ ወደ ደባርቅ የወረዱ አሉ። የቀረነው የደባርቅና የዳባት ልጆች ነን። በልጅነታችን ጊች ለኛ ስሟን የምንሰማት መንደር ብቻ ነበረች። አሁን ግን ጎረቤታችን ሆናለች። በወፍጮ ቤት፥ በገበያ፥ በሐኪም ቤት ደጅ ከጊች የወረዱ አባቶችና እናቶች እናያለን። ስማቸውን ሳንጠይቅ በአቆማቸው ለይተን ማወቅ የጀመርነው ሥዕል መሥራት ከጀመርን ወዲህ ነው።

አሁን ደግሞ ከእኛ በፊት የነበሩት ሠዓሊዎች ሰውን እንዴት እንደ ሣሉት ጥቂት እንናገር፤ ማንም ተማሪ ሥራውን ከባዶ አይጀምርምና።

በቀደሙት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ዘንድ የሰው ሥዕል ሕግ ነበረው። ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ ስለሚመልስ ሁለት ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉው ግን በጎኑ ስለሚሣል አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ወደ ጎንደር የሄደ ሰው በአድያም ሰገድ ኢያሱ የተመሠረተችውን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ቀና ብሎ ቢያይ፥ ከመቶ የሚበልጡ የመላእክት ፊቶች በትልልቅ ዓይኖች ወደ ታች ሲመለከቱት ያገኛቸዋል። እነዚያ ሠዓሊዎች የአንዱን ሰው መልክ ከሌላው ለመለየት ብዙ አልተጨነቁም። የተጨነቁት ሰውዬው ከየትኛው ወገን እንደ ቆመ ለማሳየት ነው። እኛም ከእነርሱ ዓይንን ማክበር ተምረናል፤ በአዳራሹ ባሉት ሥዕሎች ላይ ዓይኖቹ ከልክ ጥቂት ተለቅ ብለው የተሣሉትም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ትምህርታችን ከወደ ውጭ አገር የመጣ ነው። ከእኛ መካከል የመጀመሪያውን ፊደል በሚሲዮን ትምህርት ቤት የቈጠርን አለን። በክፍሉ ግድግዳ ላይ በባሕር ማዶ የታተሙ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ሥዕሎች ተሰቅለው ነበር። እረኛው በለምለም መስክ ላይ ቆሟል፤ ልብሱ ንጹሕ ነው፤ ፊቱ ብርድ አያውቅም። ሥዕሎቹ ያማሩ ነበሩ፤ የብርሃንንና የጥላን ነገር መጀመሪያ ያየነውም በእነርሱ ነው። ነገር ግን ማታ ከትምህርት ቤት ወጥተን በመንገድ የምናገኘው እረኛ እንደዚያ ቆሞ አያውቅም። ደበሎውን ደርቦ፥ ዱላውን በትከሻው ላይ አጋድሞ፥ ሁለት እጆቹን በዱላው ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚቆመው። ይህን እረኛ ማን ይሥለዋል? ብለን ያሰብነው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት የጠየቁ ኢትዮጵያውያን አሉ። በአንኮበር የተወለዱት የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ15 ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ዝንባሌያቸው ወደ ሥዕል በመሆኑ ግን በለንደን ስሌድ በሚባለው የታወቀ ትምህርት ቤት ሥነ ጥበብ ተማሩ። ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ የተማሩትን ብቻ ይዘው በቤታቸው አልተቀመጡም። በየጠቅላይ ግዛቱ ተዘዋውረው የሕዝቡን መልክና ኑሮ አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሥራቸውን ለሕዝብ ካሳዩ በኋላ፥ ወደ አውሮፓ ተመልሰው በታላላቆቹ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎች ተመለከቱ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋው ባለ ቀለም መስተዋት ከዚህ ሁሉ ጥናት በኋላ የመጣ ሥራ ነው። ያለፈውን፥ ያሁኑንና የወደፊቱን የአፍሪካ ዘመን ያስረዱበት በሰው ሥዕል ነው። በ2004 ዓ.ም. ቢያርፉም መስተዋቱ ዛሬም የፀሐይ ብርሃን በገባበት ቍጥር ይናገራል።

ሌላው መምህራችን፥ ምንም እንኳ በዓይናችን ባናያቸው፥ በወልድያ የተወለዱት ሠዓሊ ታደሰ መስፍን ናቸው። ዓለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው፥ በዚያው ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። «የሕይወት ምሰሶዎች» በተባሉት ሥዕሎቻቸው የሚታዩት በየገበያው ቆመው የሚሸጡ ሴቶች ናቸው። ሴቶቹ ረዣዥሞችና ቀጥ ያሉ ሆነው፥ እንደ ስማቸው እንደ ምሰሶ ቆመዋል። ሰው በችኰላ የሚያልፋቸውን ባለ ጉሊቶች ሠዓሊው የቤት ምሰሶ አድርገው አቆሟቸው። ይህን ያደረጉት ወርቅና ዘውድ ደፍተውላቸው ሳይሆን በአቋማቸው ብቻ ነው።

ከባሕር ማዶም አንድ ምሳሌ እንጨምር። የሆላንዱ ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም. «ድንች በላተኞች» የተባለውን ሥዕል ሠራ። አንድ የገበሬ ቤተ ሰብ በደብዛዛ መብራት ሥር ከአንድ ገበታ ድንች ሲበላ ያሳያል። ይህን አንድ ሥዕል ከመሥራቱ በፊት በአንድ ክረምት ብቻ ከ40 የሚበልጡ የገበሬዎችን ራስ ለየብቻ እየሣለ ተለማመደ። ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤም፥ ወደ ገበታው የተዘረጉት እጆች ድንቹን ከመሬት የቈፈሩት እጆች ራሳቸው መሆናቸውን ለማሳየት መፈለጉን ገልጾለታል። የኛም የደጋ ገበሬ ድንች ቈፋሪ ነውና ነገሩ ሩቅ አልሆነብንም።

እዚህ ላይ ሰውን ያልሣለ ሠዓሊ አይደለም ማለታችን እንዳይመስላችሁ። በሐረር ተወልዶ በጀርመን አገር የተማረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ፥ ቀለምና ቅርጽ ያለ ሰው መልክም ብዙ ሊናገሩ እንደሚችሉ አሳይቶናል። መንገዱ ብዙ ነው፤ እኛ የመረጥነው ግን ከበራችን የሚጀምረውን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን አሠራር እንመለስ። እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ሳንሥል እናያለን። በገበያ ቀን ከአንድ ጥግ ቆመን፥ ከሰልም ወረቀትም ሳንይዝ፥ ሰው እንዴት እንደሚቆም እንመለከታለን። መጻሕፍት የአንድ ጐልማሳ ቁመት የራሱን ርዝመት ሰባት እጥፍ ተኩል ያኽላል ይላሉ። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ጋቢ የተከናነበን ሰው በራስ ልክ ልትቈጥሩት ብትሞክሩ ጋቢው ቍጥሩን ይደብቅባችኋል። ስለዚህ ከቍጥሩ በፊት ክብደቱን እንፈልጋለን፤ ይህ ሰው በየትኛው እግሩ ላይ ነው የቆመው? ብለን እንጠይቃለን።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠን የግንበኛው ቱንቢ ነው። ክር ላይ ጠጠር አንጠልጥለን በዓይናችን ትይዩ እንይዘዋለን። ሰው ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ሲጥል፥ ከጕሮሮው ሥር ካለችው ጐድጓዳ ቦታ ቍልቍል የሚወርደው ክር በተሸካሚው እግር ቍርጭምጭሚት ላይ ያርፋል። ዳሌው በተሸካሚው እግር በኩል ከፍ ሲል ትከሻው በዚያው በኩል ዝቅ ይላል። ይህን ያልጠበቀ ሥዕል መልኩ ቢያምርም ሰውዬው የሚወድቅ ይመስላል። ሸክም ሲጨመር ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ውኃ በጀርባዋ ያዘለች እናት ካላጐነበሰች ሸክሙ ወደ ኋላ ይጥላታል። ዛሬ እንስራው በቢጫ ጀሪካን ተተክቷል፤ ገመዱና ጕብጠቱ ግን ያው ነው።

ሁለተኛው ፈቃድ መጠየቅ ነው። ሰውን ሳያውቅ አንሥለውም። ቤቱ ሄደን፥ ሰላምታ ሰጥተን፥ የማን ልጆች እንደ ሆንን ተናግረን፥ የመጣንበትን እንገልጻለን። የፈቀደ ይሣላል፤ ያልፈቀደ ግን ቡናውን ጠጥተን፥ መርቆን እንሄዳለን። የፈቀደውን ሁለት ጊዜ እንሥለዋለን፤ አንዱን ለእርሱ እንሰጣለን፥ አንዱን እናስቀራለን። ከምናስቀረው ወረቀት ጀርባ፥ ፈቃዱ ከሆነ፥ ስሙንና ያረሰበትን ቦታ ራሱ እንደ ነገረን እንጽፋለን።

ሦስተኛው፥ ከፊት በፊት እጅን እንሥላለን። ሰው ሊሣል ሲቀመጥ ፊቱን ያስተካክላል፤ ይኰሳተራል፤ ወይም ፈገግ ይላል። እጁን ግን ማስተካከል አይችልም። ሞፈርና እርፍ የያዘ እጅ፥ የበግ ፀጕር ሲፈትል የኖረ እጅ፥ በቅሎ ሲጭን የኖረ እጅ እያንዳንዱ በጉልበት ላይ ሲያርፍ የራሱ አስተራረፍ አለው። ፊቱን ወደ ኋላ የምናቈየው ሰውዬው እኛን እስኪለምደን ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚመጣው ፊት መጀመሪያ ከሰጠን ፊት ይለያል።

አራተኛው የመሣሪያ ነገር ነው፤ ባጭሩ እንለፈው። ከሰሉን ራሳችን እንሠራለን። ቀጫጭን የእንጨት ስንጥሮች በአሮጌ ጣሳ ውስጥ አጭቀን፥ አየር እንዳይገባ ዘግተን፥ ጣሳውን በእሳት ውስጥ እንቀብረዋለን። ሲበርድ ለስላሳና ጥቍር የመሣያ ከሰል ይወጣል። ቀይና ቡናማ ቀለም ስንፈልግ አፈር ወቅጠንና ነፍተን በእንቍላል አስኳል እንለውሰዋለን። በግድግዳው ላይ የምታዩት ቀይ ጥላ የደባርቅ አፈር ነው።

ይህን አሠራር በቃል ከምናበዛው በሥራ የሆነውን አንድ ነገር ብንነግራችሁ ይሻላል።

አራት ሆነን ከጊች ወደ ወረዱ አንድ አባት ቤት ሄድን። ቤታቸው በቆርቆሮ አጥር የተከበበ ነው። የምንፈልገውን ከነገርናቸው በኋላ በርጩማ አቅርበን፥ «አባባ፥ እዚህ ይቀመጡልን» አልናቸው። እርሳቸውም፥ «ተቀምጬማ ማን ያውቀኛል ልጆቼ? እኔ የኖርኩት ቆሜ ነው፤ እንደ ቆምኩ አንሡኝ» አሉና ዱላቸውን ይዘው ወደ ግቢው መካከል ወጡ።

ሲቆሙ ጀርባቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ። የግራ ትከሻቸውን ጥቂት ከፍ አድርገው፥ የጋቢያቸውን ጫፍ በላዩ ጣል አደረጉበት። ራሳቸውንም ወደ ቀኝ ዘንበል አደረጉ። እኛ ብርሃኑ ወደ ፊታቸው እንዲመጣ ፈልገን ስለ ነበር፥ «አባባ፥ ወደዚህ ቢዞሩልን» ብለን ለመንናቸው። ዞሩልን። ጥቂት ቈይተን ቀና ብንል ተመልሰው በመጀመሪያው አቋማቸው ቆመው አገኘናቸው። ሁለተኛ ለመንናቸው፤ እንደ ገና ዞሩና እንደ ገና ተመለሱ።

በዚህ ጊዜ ከእኛ አንዱ፥ የጊች ተወላጅ የሆነው፥ ቀስ ብሎ «ነፋሱ ነው» አለን። በጊች ሜዳ ላይ በግ የሚጠብቅ ሰው ነፋሱን በጀርባውና በትከሻው ተቀብሎ፥ ፊቱን ወደ በጎቹ አድርጎ ይቆማል። በደባርቅ ግቢ ውስጥ፥ በቆርቆሮው አጥር መካከል፥ ያን ዕለት ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ አልነበረም። እኚህ አባት ግን ከመንደራቸው ከወጡ ዓመታት ካለፉ በኋላ እንኳ ትከሻቸው ነፋሱን ይጠብቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዙሩልን አላልንም። ብርሃኑን ትተን እኛው ዞርንና በቆሙበት አቋም ሣልናቸው። ከመግቢያው በር በስተ ቀኝ የተሰቀለው ትልቁ ሥዕል ይህ ነው። ከበስተ ጀርባቸው ተራራ የለም፤ ጅብራም ገደልም የለም። ነገር ግን ትናንት ሥዕሎቹን ስንሰቅል አንዲት እናት ከሩቅ አይተው «ይኼ የጊች ሰው ነው» አሉ። እኛም ከዚህ የበለጠ ሽልማት አንፈልግም።

እኚያን አባት ስንሥል የልጃቸው ልጅ ከአጠገባቸው ቆማ ነበር። ደባርቅ የተወለደች፥ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። አያቷን አይታ ዱላ ይዛ ለመቆም ሞከረች። ያማረ አቋም ነበራት፤ ነገር ግን በሁለት እግሯ እኩል ነው የቆመችው፤ ትከሻዎቿም እኩል ናቸው። እርሷ የምትጠብቀው ነፋስ የለም። ይህ አያሳዝንም፤ እርሷ በትምህርትና በከተማ አየር የራሷን አቋም ታወጣለች። አንድ ነገር ግን ግልጽ ሆነልን። ያ የአያትዮው አቋም ከአያትዮው ጋራ የሚያበቃ ነው። ከጊች ቤቶች የቀረ ካለ ድንጋዩ ይኖራል፤ የቦታው ስምም በካርታ ላይ ይኖራል። የሰው አቋም ግን በሥዕል ካልተያዘ በምንም አይያዝም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፥ «ለዚህማ የስልክ ካሜራ አለ፤ ባንድ ቅጽበት ያነሣል» ይሉናል። እውነት ነው፥ እኛም ፎቶግራፍ አንጠላም። ነገር ግን እነዚያን የጊች አባቶች ብዙ ጎብኚ ፎቶግራፍ አንሥቷቸዋል፤ ብዙዎቹም ሥዕላቸው የት እንደ ደረሰ አያውቁም። ካሜራ በቅጽበት ሲያነሣ ሰውዬው ገና ለመነሣት የተዘጋጀበትን አቋም ነው የሚያገኘው። ሥዕል ግን ሁለት ሰዓት ይወስዳል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰው ይደክመዋል፤ ይረሳል፤ ያወራል፤ ወደ ተፈጥሮ አቋሙም ይመለሳል። እኚያ አባት ሁለት ጊዜ ወደ ነፋሱ የተመለሱት ጊዜ ስለ ነበራቸው ነው። ከዚህም በላይ በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ስለ ገብስ አዘራር፥ ስለ ውርጭ፥ በቅሎ እየነዱ ጎብኚ ስለ ወሰዱበት ዘመን ያጫወቱን ጨዋታ ከሥዕሉ የማያንስ ትምህርት ሆኖልናል።

ወላጆቻችን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላችሁ፤ በየቤታችንም ሰምተነዋል። «ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ?» ትሉናላችሁ። ልጅን አስተምሮ ለቁም ነገር ለማብቃት የደከመ ወላጅ ይህን ቢጠይቅ አያስገርምም። እኛም በሐሰት ተስፋ ልናታልላችሁ አንፈልግም። ከክበባችን አባላት መካከል በሥዕል ብቻ የሚተዳደር አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። የቀሩት ሐኪም፥ መምህር፥ ግንበኛ፥ የመሬት ቀያሽ፥ ነጋዴና አስጎብኚ ይሆናሉ። ይሁን እንጂ ሰውን ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ ማየት የተማረ ሐኪም በሽተኛውን ከመጠየቁ በፊት ከአካሄዱ ሕመሙን ሊገምት ይችላል። ተማሪውን በአቀማመጡ ማን እንደ ራበው፥ ማን እንደ ከፋው የሚያውቅ መምህርም ለእናንተ ልጆች ይጠቅማል። ቱንቢ መያዝ የለመደ እጅ ግድግዳም ቢሠራ አያጣምም። ስለዚህ በክበቡ የምናጠፋው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጠፋ ጊዜ ነው ብላችሁ እንዳትቈጥሩብን እንለምናለን።

ውድ ጓደኞቻችን፤

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤቱ እንሰናበታለን። ለምትቀሩት አንድ ሥራ ትተንላችሁ መሄድ እንወዳለን። በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች 14 ናቸው። ከበዓሉ በኋላ በየቤታችን እንዳይበታተኑ ለቤተ መጻሕፍቱ ለመስጠት ተስማምተናል። ክቡር ዲሬክተሩንም አንድ መደርደሪያ እንዲፈቅዱልን በዚህ አጋጣሚ እንለምናለን። በመጪው ክረምት እያንዳንዱ የክበብ አባል አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት ቢሥል፥ ከወረቀቱም ጀርባ ቃላቸውን ቢጽፍ፥ መደርደሪያው በጥቂት ዓመት ውስጥ ይሞላል። የጊች ሰዎች ብቻ አይሁኑ። የዳባት አራሾች፥ የደባርቅ ባለ ጉሊቶች፥ በቅሎ ጫኞችና ሸማኔዎችም ይግቡበት። መሣል የማይችል ተማሪ ጨዋታውን ይጻፍ፤ መጻፍ የሰለቸው ከሰሉን ያክስል።

ነገር ግን አትዘግዩ። ባለፈው ዓመት «በሚመጣው ሳምንት እንመጣለን» ብለን የተለየናቸው አንዲት እናት ነበሩ፤ ሳምንቱ ሳይደርስ ከዚህ ዓለም ተለዩ። የበግ ፀጕር ሲፈትሉ እንዝርቱን እንዴት እንደሚያሾሩት ልጆቻቸው በቃል ይነግሩናል፤ የእጃቸውን አቋም ግን ማንም ሊያሳየን አይችልም።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤

ከእናንተ የምንለምነው ገንዘብ አይደለም። ልጆች ከሰልና ወረቀት ይዘው ከደጃችሁ ሲመጡ ሁለት ሰዓት ስጧቸው። ልብስ ለመቀየር አትቸኵሉ፤ የሥራ ልብሳችሁ ይበቃቸዋል። «እኔ ምን መልክ አለኝና ትሥሉኛላችሁ?» አትበሏቸው። እነርሱ የሚፈልጉት እናንተ ሳታስቡት የምትቆሙትን አቋም ነው፤ እርሱን ደግሞ ከእናንተ በቀር የሚሰጣቸው የለም።

ሥዕሎቹን ገና ያልተመለከታችሁ ከበዓሉ በኋላ በሩ ክፍት ነውና ግቡ። በየሥዕሉ አጠገብ የሣለው ተማሪ ስለሚቆም የፈለጋችሁትን ጠይቁት፤ ጕድለት ያያችሁበትንም ንገሩት። እነዚያ 14 አባቶችና እናቶችም ዛሬ በመካከላችሁ ተቀምጠዋል። ስታገኟቸው ከሥዕላቸው ጋራ አታስተያዩአቸው፤ በቅድሚያ ሰላም በሏቸው።